ለወረቀት የተፈሰሰ አረር

ጥቅምት ተጋምሶ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከሌክውድ ከተማ በስተምዕራብ ባለው ተራራ ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ መሬቱ ላይ አራት ጣት የሚሆን በረዶ ተኝቷል። የወጣነው ሁለት ነን፤ እኔና ከማል። ከማልን ለማታውቁት፣ ቶርንተን የሚኖር፣ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ አራት ልጆች ያሳደገ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ጓደኛዬ ነው። እኔ ዳውንታውን ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። አደን ያስተማረን ሰው የለም። ሁለታችንም የተማርነው ከቪዲዮና ከስህተታችን ነው፤ በዚህም እንኮራ ነበር።

ባለፈው እሑድ እዚህ አውሮራ ጋራዤ ድረስ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ለሽጉጥ አረር ማፍሰሻ የትኛውን ሞልድ እንግዛ?» ስትሉኝ ዝም ያልኳችሁ ንቄያችሁ አይደለም። መልሱን የማውቀው ከከማል ዳሌ ስለሆነ ነው። ዛሬ ልንገራችሁ።

ሞልድ የሚባለው እርስ በርሱ የሚገጥም ሁለት ግማሽ ብረት ነው። የቀለጠ እርሳስ ታፈስበታለህ፣ ስትከፍተው አረሩ ተሠርቶ ይወድቃል። ያን ዓመት አርባ አራት ካሊበር ለሆነው ሪቮልቨር ሽጉጤ ሞልድ ስፈልግ ሁለት ዓይነት አማረጥኩ። አንደኛው ከባድ ብረት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አረር ብቻ ያወጣል፤ የሚያወጣው አረር ረጅምና ከባድ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ሁለተኛው ቀላል አሉሚኒየም ነው፤ በአንድ ጊዜ ስድስት ያወጣል፤ አረሩ አጭርና ቀላል፣ አፍንጫው ድቡልቡል ነው። ሁለተኛውን ወሰድኩ። ለምን? ቶሎ ስለሚሞላልኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጬ ባልዲ ሙሉ አረር ማውጣት እንደ ሙያ ይታየኝ ነበር።

ሶስና፣ ልጄ፣ ያኔ ነርስነት ጨርሳ ሥራ ጀምራለች። ጋራዥ ገብታ ካርቶኑን አነሳችው።

«አባዬ፣ ይሄን ሪድ አድርገኸዋል? ታርጌት ይላል። ኢትስ ፎር ፔፐር፣ ወረቀት ለመምቻ ነው።»

«ጥይት ጥይት ነው» አልኳት።

«ኖ፣ አባዬ። ለትልቅ አኒማል ሄቪውን፣ ፍላት የሆነውን ነው የሚሉት። ይሄ በጣም ላይት ነው።»

«አንቺ ሽጉጥ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አልያዝኩም። ማንበብ ግን እችላለሁ።»

ከጋራዥ አስወጣኋት። ተሳስታ እንዳልነበር በልቤ የማውቅ ይመስለኛል። ግን ልጄ፣ ያውም እዚህ አገር የተወለደች፣ ስለ መሣሪያ እንድታርመኝ አልፈለግኩም። አባት የሆናችሁ፣ ወይም የምትሆኑ፣ ይህን ነገር ከሞልዱ ምርጫ በፊት አስቡበት። ሰው ልጁን አፏን ሲያስይዝ ያሸነፈ ይመስለዋል።

በዚያ ላይ እርሳሱ ለስላሳ ነበር። ከፈረሰ ቤት የተነቀለ አሮጌ ቱቦ አቅልጬ ነው ያፈሰስኩት። የወጣውን አረር በጥፍሬ ስጭረው መስመር ይቀርበታል። እንዲህ ያለውን በኃይል ብትተኩሰው የአፈሙዙን ውስጥ በእርሳስ ይለቀልቀዋል፤ ስለዚህ ባሩዱንም ቀነስኩ። ወረቀት ላይ ስሞክረው አምስቱም አንድ መዳፍ በማትሞላ ቦታ ገቡ። ለከማል ወረቀቱን አሳየሁት፤ «ወረቀቱ ሞቷል፣ አላህ ይማረው» ብሎ ሳቀብኝ። ያንኑ ጥይት አጉርሼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ተራራው ልመልሳችሁ። የዚያ ዓመት የአደን ፈቃድ የከማል ነበር፤ ጠመንጃ የያዘው እሱ ብቻ ነው። እኔ ሪቮልቨሬን በወገቤ፣ ገመድና መጋዝ በጀርባዬ ተሸክሜ እከተላለሁ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አንዳችን ያረድነውን ሌላችን አንበላም። ስለዚህ አንድ ዓመት ለእሱ፣ አንድ ዓመት ለእኔ እንዲሆን ተስማምተናል። ያን ዓመት ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው እሱ ነው፤ ሥጋውም የእሱ ቤት ነው። ለልጁ የኒካህ ድግስ ሊያውለው ለቶርንተን ሰው ሁሉ ተናግሯል።

ሽቅብ ስንወጣ ቁና ቁና ተነፈስኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ፓርኪንግ ቤት ተቀምጠህ ጉልበትህ ዛገ እኮ!» አለኝ።

«አንተስ? ከመሪ ተነስተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሻንጣ አነሳለሁ። አንተ የምታነሳው ትኬት ነው።»

ረፋዱ ላይ ዱካ አገኘን። ኤልክ የሚባለው እንስሳ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ግን ፈረስ ያህላል፣ የወንዱ ቀንድ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አትጨርሱትም። ኮቴው በረዶው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ገብቷል፤ ጠርዙ አልሟሟም፤ ስለት ነው። ጓንቴን አውልቄ ፋንድያውን ነካሁት፤ ገና ለብ ያለ ነው። ነፋሱ ወደ ፊታችን ይነፍስ ነበር። ከማል ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እሱ ዝም ሲል ደግሞ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

አንድ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ፣ የወደቁ ግንዶች በተረፈረፉበት ገላጣ ዳር፣ አየነው። ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ከማል ግንድ ላይ ተደግፎ አነጣጠረ። «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ተኮሰ። እንስሳው እግሩን እንደቆረጡት ባለበት ዝርግፍ አለ።

እንዲህ ባለበት ሲወድቅ ደስ አይበላችሁ። ልቡን የተመታ ጥቂት ሮጦ ነው የሚወድቀው። ባለበት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ አከርካሪው አካባቢ የተመታ ነው፤ ጥይቱ ከአጥንቱ በላይ ሥጋውን ብቻ በስቶት አልፎ ከሆነ፣ እንስሳው ደንዝዞ እንጂ ሞቶ አይደለም። የዚህ አገር አዳኞች ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፤ እስኪሞት ይጠብቃሉ። እኛ ግን የምንጠብቅ ሰዎች አይደለንም። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ በክት ደግሞ ለውሻ ነው። ለእኔም ቢሆን ያደግኩበት ሕግ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ከማል ሲሮጥ እኔም ሮጥኩ።

ስንደርስ በሁለት ግንዶች መካከል ተጋድሟል። ጎኑ ይነሳል፣ ይወድቃል። ዓይኑ ተከፍቷል። ጆሮው ወደ እኛ ዞረ።

«ቆይ» አልኩት። «ጆሮው ይሠራል።»

«ነፍስ እያለውማ ነው የምፈልገው!»

«ሌላ ጥይት ጨምርበት።»

«በዚያው ቢሞትብኝስ? ኒካህ ላይ በክት ላበላ ነው? አንተ ሽጉጥህን ይዘህ እዚያ ቁም። ጭንቅላቱን ካነሳ ትመታዋለህ።»

ሪቮልቨሬን መዘዝኩ። በሽጉጤ አምኜ ነበር፤ ጓደኛዬም ያመነው በእኔ እምነት ነው። ጠመንጃውን አጉርሶ ግንዱ ላይ አስደገፈው፣ ቢላውን አወጣ፣ ከኋላ ዞሮ ቀንዱን ያዘ።

እንስሳው ተነሳ።

እንዴት እንደተነሳ አላየሁም። ከማል ቀንዱን እንደያዘ ተሽከረከረና ወደቀ፤ ወዲያው አንደኛው የቀንዱ ጫፍ ጭኑ ውስጥ ገባ። ከግንዱ ጋር አጣበቀው። ከሦስት እርምጃ ግንባሩን መታሁት። ፀጉር በነነ፣ ቆዳው ተሰነጠቀ። ደግሜ መታሁት። ራሱን እንደ ዝንብ አራገፈና እንደገና ገፋ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። በእያንዳንዱ ተኩስ ከማል ስሜን ይጠራል። ስድስተኛውን ስስብ መምቻው ባዶ ቀዳዳ መታ፤ በመንገድ ሳይታሰብ እንዳይተኩስብኝ ብዬ አምስት ብቻ ነበር ያጎረስኩት፣ በጥንቃቄዬ።

ሽጉጡን ጥዬ በግንዱ ላይ ተንከባለልኩና ጠመንጃውን አነሳሁ። አፈሙዙን አንገቱ ላይ ለጥፌ ሳብኩ። ያኔ ሞተ። ግን የሞተው ከማል ላይ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ዳሌው ላይ ሲወርድ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው አይደለም፤ ከዚያ የረጠበ ነው።

ቀንዱን ከጭኑ ለማላቀቅና እንስሳውን በእንጨት ፈንቅዬ ከማልን ከሥሩ ለማውጣት ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። ቀበቶዬን ከቁስሉ በላይ አሰርኩ። ስልኩ አይሠራም። «ልተውህና ልውጣ፣ ከላይ ሲግናል ይኖራል» አልኩት።

«አረድኩት?» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አላረድክም።»

«ልታጽናናኝ ትዋሸኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ደህና። ሂድ።»

ተራራው ጫፍ ላይ ስልኩ ሠራ። ሄሊኮፕተሩ ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ በረዶው ከማል ሥር ቀይ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ነበር።

በማግስቱ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪው ጠርቶኝ የእንስሳውን በድን አሳየኝ። ቆዳውን ገሽልጦታል። አምስቱም አረሮች እዚያው አሉ፤ ሦስቱ ግንባሩ ላይ እንደ ሳንቲም ተጠፍጥፈው ወደ ጎን ተንሸራተዋል፤ ሁለቱ አንገቱ ሥጋ ውስጥ ቀርተዋል። አንዱን በጣቱ አነሳና «ይህን ማን ሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልኩ። አረሩን መዳፌ ላይ አኖረው።

እንግዲህ የሞልዱ ነገር ይኸውላችሁ። ስንት ያወጣል ብላችሁ አትምረጡ። መጀመሪያ አረሩ የት እንደሚገባ ወስኑ። ለወረቀት ከሆነ ቀላሉ፣ ድቡልቡሉ፣ ፈጣኑ ይሁን፤ ምንም ነውር የለውም። ሕይወት የሚያድን ከሆነ ግን ከባዱን፣ አፍንጫው ጠፍጣፋውን፣ ቀስ ብሎ የሚያወጣውን ግዙ፤ እርሳሱም ጥፍር የማይጭረው ይሁን፤ ምን ያህል ባሩድ እንደሚሸከም ከእኔ ሳይሆን ከመጽሐፉ አንብቡ። ከሁሉ በፊት ግን እንስሳው ይሙት። ተቀመጡና ይሙት።

ስለ ማረዱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልናገረው ባልፍ ይቀለኝ ነበር። ከማል ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አንድ የተማሩ ሼህ ሊጠይቁት መጡ። ታሪኩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ስትተኩስ የአላህን ስም ጠርተሃል አይደል? ሳትደርስበት ቢሞትም ላንተ ሐላል ነበር። ለአደን የተፈቀደ ነው» አሉት። ከማል ወደ ግድግዳው ዞረ። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ባለው መስጊድ እየሰገደ፣ አንድ ቀን አልጠየቀም። እኔም በቤቴ የምታነብ ልጅ እያለችኝ አልሰማሁም። ራሳችንን ያስተማርን ሰዎች ሕመማችን ይህ ነው፤ ያላወቅነውን ነገር አለማወቃችንን የሚነግረን ሰው እንጠላለን።

ሶስና የነገረችኝን አልደገመችብኝም። ከማልን ስታገላብጠው፣ ቁስሉን ስትቀይርለት ከረመች እንጂ። ይቅርታ የጠየቅኳት ዘግይቼ ነው፤ «አይ ኖው፣ አባዬ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። ያ መልሷ ከስድብ ይከብድ ነበር።

ከማል ግን የአረሩን ነገር አላወቀም። ሰው ሁሉ «እንስሳው ኃይለኛ ነበር» ይላል፤ እኔም አብሬ «ኃይለኛ ነበር» እላለሁ። እሱም ለሚጠይቀው ሁሉ «ጓደኛዬ አምስት ጥይት ግንባሩን መትቶልኛል፣ ጂኒ ነበር እንጂ ኤልክ አይደለም» እያለ ያሞግሰኛል። ሰባት ወር እንዲህ ቆየን። ዳሌው በብሎን ተያይዟል፣ መኪና መንዳት አይችልም፣ ሚስቱ ሁለት ሥራ ጀምራለች፤ እኔ ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሙገሳ እቀበላለሁ። ሰው በውሸት ብቻ አይደለም የሚዋሸው።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ቶርንተን ሄድኩና ነገርኩት። ሞልዱን፣ ለስላሳውን እርሳስ፣ የቀነስኩትን ባሩድ፣ ሶስና ያለችኝን፤ ሁሉንም። አንድም አላስቀረሁም። ያ አፉ የማያርፍ ሰው እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ማንቆርቆሪያው ኩሽና ውስጥ ፈልቶ ፉጨቱን ለቀቀ፤ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም፤ ሄጄ አጠፋሁት።

ስመለስ «ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ነግረውኝ ነበር።»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«አውቅ ነበር።»

የክራንቹን እጀታ ብዙ ጊዜ አሻሸው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ዛሬ ሂድልኝ» አለ። «ፊትህን ማየት አልችልም። ነገ ግን እንዳትቀር፤ ሐኪም ጋ የሚወስደኝ የለም።»

ሄድኩ። በማግስቱ በሰዓቱ በሩን አንኳኳሁ። «መጣሁ» አለ ከውስጥ። ከሶፋው እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ነው። እሱ ግን ክራንቹን ያስቀድማል፣ እግሩን ይጎትታል፣ ያርፋል፤ ደግሞ ያስቀድማል፣ ይጎትታል። ቁልፍ አለኝ፤ ከፍቼ መግባት እችል ነበር። አልከፈትኩም። እስኪደርስ ድረስ በረንዳው ላይ ቆሜ አዳመጥኩት።