አለንጋ የማያልፈው ጃኬት

የመጀመሪያ የቆዳ ጃኬቴን የመረጥኩት ለማማር ብዬ አልነበረም። በዚያን ጊዜ፣ በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ በቦሌ መንገድ ሲያልፍ ሴቱም ወንዱም ዞር ብሎ ያየው ነበር፤ እኔም መታየቱን አልጠላም። የገዛሁት ግን አባቴ ሲገርፈኝ እንዳያመኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴ እንኳ።

አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር። በልጅነቱ ከሶዶ መጥቶ፣ ብዙ ለፍቶ፣ ላምበረት አካባቢ ከቤታችን ጋር የተያያዘ የቆርቆሮ መጋዘን ሠራ። የበሬ ቆዳ፣ የበግና የፍየል ሌጦ ይሰበስባል፤ ጨው ነስንሶ እያነባበረ ለፋብሪካ ያስረክባል። ሽታው ከልብሳችን አይለቅም ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ የሚገኘው ሌላ ቦታ ሲሞላ ብቻ ነው። አባቴን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፣ በሆዴ ግን አንተ ነበር የምለው። አሁን ስጽፍም የሆዴን ነው የምጽፈው።

አንድ ሕግ ነበረው፤ ቢላ ይከፍታል፣ ቡጢ ይገፋል። በጉ ታርዶ ከተሰቀለ በኋላ እግሩና ሆዱ ላይ በቢላ ትከፍትና ቢላውን ታስቀምጣለህ። ከዚያ ጭብጥህን በሌጦውና በሥጋው መካከል እየከተትክ ትገፋለህ። ሰነፍ ሰው በቢላው ይቀጥላል፣ ቢላ ደግሞ አንዴ ካዳለጠ ሌጦው ይቀደዳል፤ የተቀደደ ሌጦ ፋብሪካው ከውዳቂ ነው የሚቆጥረው። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ገፋፊው እኔ ነበርኩ። በዓል በመጣ ቁጥር በቦሌ በየቪላው እየዞርኩ የሰው በግ አርዳለሁ፣ እገፍፋለሁ፣ ሌጦውን ተሸክሜ እመለሳለሁ። አባቴ መጋዘኑ ወለል ላይ ጠጉሩን ወደ ታች አድርጎ ይዘረጋውና ከአንገት እስከ ጭራ በእጁ እየዳሰሰ ያየዋል። ቀዳዳ ሲያገኝ ሌባ ጣቱን ያሾልክበትና ወደ እኔ ያወዛውዛታል። ለአንድ ቀዳዳ አንድ አለንጋ ነው።

አለንጋውን ከበሬ ቆዳ የገመደው ራሱ ነው። ከመግረፉ በፊት ሸሚዜን ያስወልቀኛል። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ሸሚዙ ይቀደዳል ብሎ ነው። እናቴ እጇን ዘርግታ ትቀበለኝና አጥፋ ክንዷ ላይ ታደርገዋለች። እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳውን ታያለች። አንድም ቀን ተው ስትለው አልሰማሁም። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመት ከአባቴ ይልቅ የጠላሁት እሷን ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ለገና ካመጣኋቸው ሌጦዎች አንዱ ሁለት ቦታ ተቀዶ ተገኘ። የመጀመሪያውን አለንጋ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሁለተኛው ልክ የመጀመሪያው ላይ አረፈና እንደ ሕፃን ጮህኩ። ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣ የጎረቤት ልጅ ሳቀች። ጢም ያወጣ ሰው ነበርኩ እኮ። የዚያን ቀን ከጀርባዬ ደም እየወረደ በልቤ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ያ አለንጋ ሥጋዬን ከነካ በግ በማርድበት ቢላ አባቴን እወጋዋለሁ አልኩ። ፉከራ አልነበረም። ቢላ የት ጋ እንደሚገባ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ፣ ደሙ በምን ፍጥነት እንደሚፈስ የማውቅ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ቢላዬን በሳልኩ ቁጥር የምሰለው ለበጉ ነው ወይስ ለእሱ እያልኩ ራሴን እጠይቅ ጀመር። መልሱ አስፈራኝ። ጃኬት የፈለግኩት ያኔ ነው። አለንጋው ካልደረሰብኝ ቢላውን አላወጣም፤ ስሌቱ ይኸው ነበር።

ከየቪላው ለእርድ የተሰጠኝን ገንዘብ ይዤ ኦሎምፒያ ሄድኩ። የሱቁ ባለቤት መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ነበር። ገና እንደገባሁ የበግ ሌጦ ጃኬት አወጣልኝ፤ የወቅቱ ፋሽን ነው፣ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ልበሰውማ አለኝ። ለብሼው በመስታወት ሳየው ትልቅ ሰው መስዬ ነበር። ልቤ እዚያው ቀረ። በጣቶቼ መካከል ቆንጠጥ ሳደርገው ግን ስስ ነው፤ ይህን አለንጋ ይሰነጥቀዋል። አወለቅኩና የፍየል አምጣልኝ አልኩት። ከጥግ ተሰቅሎ አቧራ የለበሰ፣ ደረቅ፣ ጥቁር፣ ማንም ያልፈለገው ጃኬት አወረደ። ገልብጬ አየሁት። ብብቱን፣ ትከሻውን፣ የጀርባውን ስፌት በአውራ ጣቴ ዳበስኩ። አንድ የቢላ ጠባሳ፣ አንድ የመዥገር ምልክት የለበትም። ይህን ፍየል የገፈፈው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነበር። ለበስኩትና ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ቀበቶዎች አንዱን አውርጄ ለባለሱቁ ሰጠሁት። ጀርባዬን ምታኝ አልኩት።

ሰውዬው የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ምታኝ አልኩት ደግሜ። ነካ አደረገኝ። ጠንከር አድርግ አልኩት። ጠንከር አደረገ። እንደ ጠላትህ ምታኝ ስለው ፊቴን አየና ሳቁን ተወ፤ ክንዱን አንስቶ ሲያሳርፍብኝ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ድምፁን ሰማሁ፣ ሕመሙ ግን አልደረሰኝም። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ፤ ዐይኔ እንባ ሞላ። ባለሱቁ ቀበቶውን ወደ ቦታው እየመለሰ ፖሊስ ነህ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። የቆዳ ነጋዴ ልጅ ነኝ አልኩት። ነገሩ አልገባውም።

ጃኬቱ ግን አስቸጋሪ ነበር። ክንዴን ሳጥፍ ይንቋቋል፣ ሳነሳ ትከሻዬን ይይዘኛል፤ ለብሼው ስቀመጥ ኮሌታው አገጬን ይገፋዋል። ቤት ይዤው መግባት ስለማልችል አንድ ጓደኛዬ ቤት አስቀመጥኩት። በሰፈራችን ደግሞ አዲስ ነገር የለበሰ ሰው ይመረቃል። አዲስ ጫማ ከሆነ ይረገጣል፣ ፀጉሩን የተቆረጠ ማጅራቱን ይጠፈጠፋል፤ ጃኬት ከሆነ ምርቃቱ ቡጢ ነው። እጅህን ወደ ታች አድርገህ ትቆማለህ። እጁን ያነሳ፣ ወይም የተቆጣ፣ እንደገና ከአንድ ይጀመርለታል።

ከኳስ ሜዳው ጀርባ ሰባት ሆነው መረቁኝ። ቆዳ ነው አያመውም ብለው ከክንዳቸው ምንም አላስቀሩም። ስድስቱን እየሳቅኩ ቻልኩ። ሰባተኛው ጋራዥ የሚሠራ፣ ጭብጡ እንደ መዶሻ የሆነ ልጅ ነበር። ብብቴ ሥር አንድ ቦታ ሲመታኝ ትንፋሼ ጠፋ፤ ምላሴን ነክሼ አፌ ደም ሞላ። ቀና ብዬ ደሙን ተፋሁና በማግስቱ እንዲደግሙት ለመንኳቸው። አበደ አሉ። ግን የሚመታ ሰው ያገኘ ሰፈር አይሰንፍም፤ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከኳስ በኋላ ይደበድቡኝ ነበር። ቆዳ እየረገጡ እንደማለስለስ ነው ብለው ማልፋት የሚል ስም አወጡለት። የጃኬቱ ክርን ለዘበ፣ ትከሻው ተፈታ፣ ጀርባው የጀርባዬን ቅርፅ ያዘ። እኔም ዱላ ሲመጣ ዐይኔን አለመጨፈን ተማርኩ።

ለፋሲካ አምስት በግ ገፈፍኩ። አራቱን አባቴ ራሱ ቢያያቸው የሚያመሰግንበት አድርጌ ሠራሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ከገና ጀምሮ መጠበቁ ሰለቸኝ። መቼ አዳልጦኝ፣ መቼ ተገርፌ፣ መቼ ይለይልን? አውቄ ቢላውን ሰደድኩት። ሦስት ቦታ፣ ጎን ለጎን። ከዚያ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ጃኬቱን ለበስኩ፤ ቢላውን ጠርጌ የቀኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ሌጦዎቹን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። ቀትር ነበር። ጾም የተፈታበት ቤት ሁሉ የዶሮ ወጥ ይሸታል፤ የእኛ ግን ጨውና ሌጦ።

አባቴ ጃኬቱን አላየም፤ ዐይኑ ከሌጦው ነበር። አንድ በአንድ ዘረጋቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሦስት ጣቱን በሦስቱ ቀዳዳ አሾለከ። ይህ ያዳለጠ ቢላ እንዳልሆነ እጁ ነግሮታል። ተነስቶ አለንጋውን ከምስማሩ አወረደ።

«አውልቅ» አለኝ።

እናቴ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች።

«አላወልቅም» አልኩ።

በዚያ ቤት ይህ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። አባቴ እንዲያ ሲመታ አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያው ከበሮ እንደመምታት ጮኸ፤ አላመመኝም። እውነቱን ለመናገር ሳቅሁ። ሳቄ አሳበደው። መቁጠሩን ተወ፤ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ጎኔን እያፈራረቀ ያወርድብኝ ጀመር። በእርግጫ መትቶ ጨው ያለበት የቆዳ ክምር ላይ ጣለኝ፤ አፌ ጨው ሞላ። ተነስቼ ቆምኩለት። ላቡ ባገጩ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሹ ያፏጫል፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። ጃኬቱ ሠራ፣ ዳንክ አባቴ፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው አንዱ አለንጋ ከኮሌታው በላይ አልፎ ከጆሮዬ ሥር እስከ ማጅራቴ ሰነጠቀኝ።

ትኩስ ደም ወደ ደረቴ ሲወርድ ተሰማኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ የቢላውን እጀታ ጨበጠ። አልጮህኩም። ሁለት እርምጃ ነበር የሚለየን። የት እንደምወጋው መርጬ ጨርሼ ነበር።

እርምጃውን የተራመደው ግን እሱ ነው። አለንጋውን ጣለና ቀረበኝ። የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ትከሻዬን ነው። ጃኬቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘና አሸት አሸት አደረገው።

«ፍየል ነው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሆዱ ከኪሴ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ትከሻዬን ይዞ ወደ ብርሃኑ አዞረኝና ጀርባዬን ዳበሰ። ብብቴን ከፍ አድርጎ አየ፣ ስፌቱን ተከትሎ እስከ ወገቤ ወረደ።

«ማን መረጠልህ?»

«ራሴ።»

«ቢላ አልነካውም» አለ። አለንጋው የተወበትን ነጫጭ ሰንበር በጣቱ ተከተለው፤ አንዱን፣ ሌላውን። «እንዲህ ያለ ቆዳ። አበላሸሁት።»

ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሰባት ዓመት የእኔን ቆዳ ሲተለትል አንድ ቀን አበላሸሁት ያላለ ሰው ለሞተ ፍየል አለቀሰ። በዚያች ቅጽበት የጠላሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጠልቼው አላውቅም።

ከመደርደሪያው የሞራ ጣሳውን አውርዶ መጣ። ሊያሸው መሆኑ ሲገባኝ በግራ እጄ ዚፑን መክፈት ጀመርኩ።

«አታውልቀው» አለኝ። «የሚለዝበው ሰውነት ላይ ሆኖ ነው።»

ሞራውን በመዳፎቹ መካከል አሙቆ ከጀርባዬ ቆመ። ከትከሻዬ ጀመረ። እጁ ሰፊ ነበር፣ ከባድ፣ ጨው ያሻከረው። ሰንበሩን አንድ በአንድ እያገኘ፣ ክብ እያደረገ፣ ቀስ እያለ አሸ። ከአንገቴ የወረደ ደም ኮሌታው ላይ ሲያርፍ አየና በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ከኮሌታው ላይ። ያ እጅ ያለ አለንጋ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር፣ እሱም በቆዳው በኩል። እየጠላሁት፣ እንዳይጨርስ ፈለግኩ። ወደ ወገቤ ሲወርድ አለንጋ ያላስለቀሰኝን ያህል አለቀስኩ፤ እሱ ከኋላዬ ስለነበር አላየኝም። እጄ መቼ ቢላውን እንደለቀቀ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲያ አልመታኝም፤ በሳምንቱ ጃኬቱን ለብሼ ከቤት ጠቅልዬ ስለወጣሁ፣ ብቆይ ይመታኝ እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን ግን አሽቶ ሲጨርስ ጣሳውን ከደነ፣ ወደ ሌጦዎቹ ተመለሰና ጨው መነስነስ ጀመረ። አንገቴን ያጠበችልኝ እናቴ ናት። ውሃው እንዳይነካው በሁለት ጣቷ ኮሌታውን ገለጥ አድርጋ ይዛው ነበር።