የእህቴ የአስካለ ረጅም ጨዋታ

ልጅ እያለሁ የቤታችን በር ለሁላችንም ይበቃ ነበር፤ ለታላቅ እህቴ ለአስካለ ብቻ አይበቃም። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ጎንበስ ሳትል መግባት አቃታት። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተነጥፎ እናገኘዋለን፤ እሷም ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ቀብራ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሰው ብርዱን የምትሸሽ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድ አልጋ ላይ አብሬያት ስለምተኛ አውቃለሁ፤ የምትሸሸው ቁመቷን ነበር። የሰፈር ልጆች "አስካለ፣ እላይ ዝናብ ጀምሯል እንዴ?" እያሉ ያበሽቋታል።

ከዚያ መሸሸጊያዋ ያወጣት የስፖርት መምህራችን ቲቸር ግርማ ነው። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዳር መረብ የሌለው፣ ወደ አንድ ጎኑ የዘመመ የቅርጫት ኳስ ብረት ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ኳሱን ሰጣትና "በይ ወርውሪው" አላት። አስካለ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን ቃኘችና ወረወረችው፤ ገባ። "ድገሚው" አላት፤ ደገመችው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰው ስለ ቁመቷ ሲያጨበጭብላት የመጀመሪያዋ ነበርና ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ከዚያ በኋላ ቲቸር የሴቶች ቡድን አቋቋመና ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ቤት መግባት ቀረ። ኳሱ አፈሩ ላይ ሲነጥር የሚነሳው አቧራ፣ ከየቤቱ የሚወጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ፣ የልጃገረዶቹ ጩኸት አሁንም አፍንጫዬና ጆሮዬ ውስጥ አለ። ኳሱ አጥር ዘሎ ባቄላ ማሳ ውስጥ ሲገባ የምሄደው እኔ ነበርኩ። እሸቱን እየፈለፈልኩ ስለምቆይ ኳስ ፍለጋ የሄድኩትን እኔን የሚፈልግ ሌላ ሰው ይላክ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከደብረ ሲና ተማሪዎች ጋር ጨዋታ ሲያዝ ነው። አባዬ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ሴቶቹ በቁምጣ እንደሚጫወቱ ከደንበኞቹ ሰማ። ማታ እራት ላይ "የእኔ ልጅ በቁምጣ አደባባይ አትወጣም፤ አለቀ!" አለ። አስካለ እጇን ታጥባ ተነሳችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱ አንገቷ ተመልሶ ተቀበረ።

ቲቸር ግርማ ነገሩን ሲሰማ እኔን አስከትሎ አባዬ ሱቅ መጣ። አባዬ እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ ሳያነሳ ሰላም አለው።

"ጋሽ ተክሌ፣ ያለ እሷ እንሸነፋለን።"

"መሸነፍ ነውር አይደለም።"

ቲቸር "ለመሆኑ የጠሉት ጨዋታውን ነው ወይስ ቁምጣውን?" አለው።

መኪናው ቆመ። "ቁምጣውን ነዋ!"

"እንግዲህ ልብስ ሰፊው እርስዎ ነዎት።"

አባዬ ሳቁን ለመደበቅ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። በዚያው ሳምንት ከወፍራም ሰማያዊ ካኪ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሱሪ ሰፋ። ለአስካለ ብቻ አይደለም፤ "ልጄ ለብቻዋ መሳቂያ አትሆንም" ብሎ ለቡድኑ በሙሉ።

የደብረ ሲና ልጆች ዳገቱን በአውቶቡስ ወጥተው የመጡት የሚያብለጨልጭ ስስ ቁምጣ ለብሰው ነው። የእኛዎቹን ሲያዩ "እነዚህ ፖስታ ቤት ነው እንዴ የሚሠሩት?" ብለው ሳቁ። የእኛዎቹ አቀረቀሩ። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ግን የደብረ ብርሃን ነፋስ ተነሳ። የእንግዶቹ ጉልበት ተንቀጠቀጠ፤ ጣታቸው ደርቆ ኳሱ ያመልጣቸው ጀመር። የእኛዎቹ ካኪያቸው ውስጥ ሞቋቸው ይሮጣሉ። አስካለ እጇን ስትዘረጋ ብረቱን የምትነካው ይመስል ነበር። ከሕዝቡ መሃል "ስጧት! ለአስካለ ስጧት!" የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል፣ አልመጣም ብሎ የማለው አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይጮሃል። አሸነፍን።

ቲቸር የጋበዘው የአዲስ አበባ ክለብ አሰልጣኝ ጨዋታውን አይቶ ኖሮ በዚያው ቀን ቤታችን መጣ። "ልጅቷን ስጡኝ፤ ትምህርቷንም እዚያው ትቀጥላለች" አለ። አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። እማዬ "ልጅቷን እኮ ቤቱ ጠቧታል፤ አይታይህም?" አለችው። አስካለ ሄደች።

ሄዳ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወተች። መጀመሪያ ተቀያሪ፣ ቀጥሎ አምበል ሆነች። ክለብ ቀየረች፤ ብሔራዊ ቡድን ገብታ ባሕር ማዶ ደረሰች። ጉልበቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት ሐኪሙ "ከእንግዲህ ኳስ ይቅርብሽ" አላት። ቤት መጥታ ከረመች። ያን ክረምት ጉልበቷን በሞቀ ውሃ ያሸላት አባዬ ነው። ሲበጋ ቀስ ብላ ሜዳው ላይ መሮጥ ጀመረች፤ በዓመቱ ወደ ክለቧ ተመለሰች። እኩዮቿ አግብተው፣ ወልደው፣ ጨዋታ አቁመው፣ ልጆቻቸው አብረዋት ለመሰለፍ ደረሱ። አንዷ ልጅ ሜዳ ላይ "እትዬ አስኩ፣ እዚህ!" ብላ ኳስ ስትጠይቃት ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ።

ዛሬ የድሮው ሜዳችን ሲሚንቶ ሆኗል። ጠዋት በዚያ ሳልፍ ሴት ልጆች በቁምጣ ሲሯሯጡ አያለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው እንኳ የለም። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ በዚያ ብርድ ሳያቸው እኔን ይበርደኛል።

አምና አስካለ ለመጨረሻ ጊዜ ስትጫወት አባዬን ይዤው አዲስ አበባ ሄድኩ። አበባ ሰጧት፤ እሷም አለቀሰች፤ ሳቀችም። ማታውኑ በመኪናዋ ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ጫጫ ከተማን እስክናልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደክሞት ያንቀላፋ መስሎን ነበር።

"አስካለ" አላት በድንገት።

"አቤት፣ አባዬ።"

"ገና ነበርሽ እኮ። ምን አስቸኮለሽ?"

አስካለ መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመች፤ በሳቅ መንዳት አቅቷት ነበር።