የጋሽ ለገሠ ዜሮዎች

እንቁ ሥራዋን ለሎውሪ ሰፈር ጎረቤቶቿ ማስረዳት ካቆመች ቆየች። «ሰው እንጉዳይ ውጦ ሲያብድ ቁጭ ብላ የምታይ» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አይ የሰው ነገር! ባሕር ማዶ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው የጥናት ክሊኒክ ውስጥ፣ ከእንጉዳይ የተገኘውን መድኃኒት ከወሰደ ሰው አጠገብ ስድስት ሰባት ሰዓት ትቀመጣለች። የደም ግፊቱን ትለካለች፣ ፍርሃቱ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ ጠይቃ ትጽፋለች። ሐኪሞቹ ቀጣዩን ዶዝ የሚወስኑት ያንኑ ፎርም አይተው ነው።

ጋሽ ለገሠ ከጎረቤት ከተማ ከሴንቴኒያል መጡ። ባለቤታቸው ጌጥነሽ ከሞተች ወዲህ ስንት ኪኒን ያልነቀለው ድባቴ ይዟቸዋል። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው እንቁ ተመደበችላቸው። የመጀመሪያውን ዶዝ ወስደው፣ ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ሶፋው ላይ ጋደም አሉ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ፍርሃትስ?»

«ምን ፍርሃት አለ ልጄ! ደህና ነኝ።»

ዜሮ ጻፈች። ግፊታቸው ከፍ ብሏል፤ የብርድ ልብሱንም ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። አይታለች። ግን ትልቅ ሰው ደህና ነኝ ካለ «ይዋሻሉ» ይባላል እንዴ? በየሰዓቱ ጠየቀች፣ በየሰዓቱ አምላክ ተመሰገነ፣ ዜሮው ተደረደረ። እኛ መቼም ቤታችን እየተቃጠለ እንኳ «እንዴት ናችሁ?» ብትሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳችን!

በአራተኛው ሳምንት ለሁለተኛው ዶዝ መጡ። የፊተኛው ምንም ስላላስፈራቸው፣ ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ፎርሙን አይታ እጥፍ እንዲሆን ወስናለች። ገና ሳይገቡ ጋሽ ለገሠ ኮሪደሩ ላይ የእንቁን ክንድ ያዙ።

«ያን ቀን የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ጌጥነሽን አየኋት። ስጠራት ዞር እንኳ ሳትል ጥላኝ ሄደች። ልቤ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሰው ፊት ላልቅስ? ደግሞ ብናገር ያስወጡኛል። ዛሬ ምናልባት ትዞርልኝ ይሆናል። አደራ፣ አንቺው ዘንድ ይቅር።»

አደራ ከባድ ነው። ቢታወቅም ሥራዋ ሊሄድ ይችላል፤ ዜሮዎቹን የጻፈችው እሷው ናት። ግን ሊዋጥ የተዘጋጀው እጥፍ ነው፣ ልባቸውም የሰባ ዓመት ልብ ነው። እንቁ ገብታ ለዶክተሯ ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያም በየዜሮው ላይ የስረዛ መስመር አስምራ፣ ቀን ጽፋ ፈረመች።

የዚያን ቀን መድኃኒት አልተሰጠም። ዶክተሯ ልባቸው እንደገና ይታይ፣ ያዩትንም ቁጭ ብለን እንነጋገርበት አለች። ለእንቁ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ጋሽ ለገሠ ማንንም ሳይሰሙ ኮታቸውን ለበሱ።

«እኔ እኮ አምኜሽ ነበር!» ብለዋት ወጡ።

ይህች ቃል እንቁን እንቅልፍ ነሳቻት። በየቀኑ ደወለችላቸው፤ አላነሡም። ክሊኒኩም ደወለ፤ ለሱም አላነሡም። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን አነሡ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

እንቁ የለመደችውን መልስ ጠበቀች።

«ደህና አይደለሁም» አሉ። «ዘጠኝ ነው፣ ልጄ። ያኔም ዘጠኝ ነበር።»

«መጣሁ» አለች እንቁ፤ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።