ሁለት ብሎን የያዘው ቃል

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጊዜያዊ» እያለ ነው። በሱ የተነሳ እኔም «የጊዜያዊ ሚስት» ሆኜ ቀረሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩ፣ ሦስት ልጅ የወለድኩለት፣ የቲነር ሽታ አልለቅ ያለ ሸሚዙን ሳሽ መዳፌ የተላጠ ሴትዮ ነኝ እኮ! ጫማ ሰፊው ሳይቀር «የጊዜያዊ ሚስት፣ ዛሬም ቋሚ አልሆንሽም?» እያለ ያሾፍብኛል። ጥርሱ ይርገፍ! ስሙ ከየት እንደመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለምና እኔው ልናገረው።

ባሌ ታፔላ ጻፊ ነው። የፋርማሲው፣ የጸጉር አስተካካዩ፣ የጋራዡ፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ሁሉ የሱ እጅ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ በመንገድ በኩል ያለችው ሥራ ቤቱ፣ የውስጠኛዋ መኖሪያችን። ሥራ ቤቱ ውስጥ ጣውላው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ቡሩሹ በየጣሳው ተነክሮ ይውላል፣ ወለሉ ላይ ያልተንጠባጠበ የቀለም ዓይነት የለም። ፊደል ተንጋዶ ካየ እህል አይወርድለትም። አንድ ጊዜ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ሐኪም ቤት ወስጄው፣ በሩ ላይ ያለው የ«ሐ» አንዱ እግር አጥሯል ብሎ ከነርሷ ጋር ተጨቃጭቋል።

ጦርነቱ ሲያልቅ አሸናፊዎቹ ከተማችን ገቡ። ከንቲባችን ሞቷል፣ ምክር ቤቱ ተበትኗል፣ የማዘጋጃ ቤቱን ጣሪያ መድፍ ወስዶታል። ሻለቃቸው ደረጃው ላይ ቆሞ በአስተርጓሚ እንዲህ አለን፦ «እኛ እንግዶች ነን። ስድስት ወር ብቻ ታገሡን። ከዚያ የራሳችሁን ሰው መርጣችሁ ከተማችሁን ትረከባላችሁ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «እንግዶቹ» ሆነ።

በሳምንቱ አስተርጓሚው ቤታችን መጣ። የዚሁ ከተማ ሰው ነው፣ እናቱን አውቃታለሁ፤ ክራቫት ከአንገቱ የማይለይ ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ታፔላ ይፈለጋል። ‹ጊዜያዊ የከተማ አስተዳደር› የሚል» አለው።

ባሌ ሁለት ቀን አሰበበት። «ለስድስት ወር ብዬ ሙሉ ታፔላ ልጻፍና እንደገና ላጥፋው?» አለኝ። ከዚያ አንድ ብልሃት መጣለት። «የከተማ አስተዳደር» የሚለውን በትልቁ ጣውላ ላይ በጥቁር ጻፈው። «ጊዜያዊ» የሚለውን ግን ለብቻው በትንሽ ጣውላ ላይ በቀይ ጽፎ፣ ከላይ በሁለት ብሎን አሰረው። ቀኑ ሲደርስ ሁለቱን ብሎን መፍታት ነው፤ ቃሉ ይወርዳል፣ የኛ ከንቲባ ይገባል፣ ታፔላው እንዳለ ይቀራል። ሻለቃው ይሄ ሲተረጎምለት ከት ብሎ ሳቀና እጁን ጨበጠው። «ቀኑ ሲደርስ የምታወርደው አንተው ራስህ ነህ» አለው። ባሌ ያን ቀን ቤት ሲገባ መሬት አልበቃችውም። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከትራሱ ስር አስቀመጠው። እኔ ለልጅ ልጅ እንኳን እንዲህ ሲሰስት አይቼው አላውቅም።

ስድስት ወሩ ሞላ። ከእንግዶቹ በኩል ምንም የለም፣ ጭጭ። ያን ሰሞን ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ደጃችን ላይ ቁጭ ብለው ከባሌ ጋር ተያያዙ።

«ምን አስቸኮለህ?» አሉት። «ትናንት ሲተኩስ የነበረ ሁሉ መሣሪያውን ጓሮው ቀብሮት ነው የተቀመጠው። ዛሬ ቢሄዱ ነገ ከንቲባ የሚሆነው ጠመንጃ የበዛለት ነው። እኔ መቸኮሉን አልወደውም።»

«መምህር፣ እርስዎ ተማሪዎን እስክሪብቶ ሳያስይዙ ነው ጽሕፈት ያስተማሩት?» አለ ባሌ። «እኛስ ሳንሞክረው መቼ ልንችለው ነው? ብንሳሳትም የራሳችን ስሕተት ነው፤ እናርመዋለን። እነሱ ሲሳሳቱ ግን ማን ያርማቸዋል?»

እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፣ አልደብቅም። ባልዲ ተሸክሜ ከወንዝ መምጣቴ ነበር፣ ወገቤ ተቆርጧል። «ኧረ እባካችሁ እንዘረጋለን ያሉት ቧንቧ እስኪመጣ እንኳን ይቆዩ!» አልኩ። መምህሩ «ይኸው፣ ሚስትህ ታውቃለች» አሉና ሳቁ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ቧንቧው መጣ። ውሃው ደጃችን ድረስ ገባ። ባሌ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። «ቧንቧው መጥቷል፤ አሁንስ?» አላቸው። መጀመሪያ ሕዝብ ይቆጠር አሉት። ሕዝብ ተቆጠረ፤ እኔንም ባሌንም ድመታችንንም ቆጥረው ሄዱ ብል አላጋነንኩም። እንደገና ሄደ። ጸሐፊዎቻችሁ ይሠልጥኑ አሉት። ሠለጠኑ፤ የምስክር ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ሰቅለው መጡ። እንደገና ሲሄድ ሻለቃው ተቀይሯል። አዲሱ ሻለቃ «የምን ስድስት ወር?» አለ። እሱም ሄደና ሦስተኛው መጣ፤ ያኛው ደግሞ ከነጭራሹ ታፔላውን አላየውም ነበር።

«ገና ናችሁ ይላሉ» አለኝ አንድ ቀን ባሌ፣ ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ። «አርባ ዓመት በዚህ እጄ ከተማውን ሙሉ ጽፌዋለሁ። እኔ ነኝ ገና?»

በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል መሰላሉን ተሸክሞ ይሄድና ሁለቱን ብሎኖች ዘይት ያጠጣቸዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ዝገው እምቢ እንዳይሉት። ቀይ ፊደሎቹንም ያድሳቸዋል። ጥበቃዎቹ ለምደውት «ጊዜያዊ መጣ! በር ክፈቱለት!» ማለት ጀመሩ፤ ስሙም በዚያው ወጣ። ይሄን አሥራ አንድ ዓመት አደረገው። ከዘጠነኛው ዓመት በኋላ ዓይኑ ይደክም ጀመር። ሐኪሙ ቲነሩ ይሁን እርጅናው አላወቀውም፣ ብቻ የሄደው አይመለስም አለን። ባሌ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሁለት ብሎን ለመፍታት የሚበቃ ይቀርልኛል?»

በአሥራ አንደኛው ዓመት አስተርጓሚው ደጃችን ላይ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ክራቫቱ ግን አለች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። «ሰኞ ጠዋት ካቻቢቴዎን ይዘው ይምጡ። ‹ጊዜያዊ› የሚለው ይውረድ ተብሏል።»

ባሌ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሙሉ ልብሱን አውጥቼ ተኮስኩለት፤ ሰፍቶት እንደ ትውስት ልብስ ሆነበት። ሰኞ ዕለት እጁን ይዤ ወሰድኩት። ግቢው ሞልቷል፤ ወንበር ተደርድሯል፣ ፎቶ አንሺ ቆሟል፣ መምህሩም በከዘራ መጥተዋል። ባሌ መሰላሉን ወጣ። ዓይኑ አላየለትም፣ በጣቱ ዳብሶ ነው ያገኛቸው። አሥራ አንድ ዓመት ዘይት የጠጡ ብሎኖች እንዴት ይዝጉ? እንደ ቅቤ ነው የዞሩለት። ደቂቃ አልፈጀም። ጣውላዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲወርድ ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

አራተኛው ሻለቃ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ባሌ ወደ አስተርጓሚው ድምፅ ዞረ።

«ምርጫው መቼ ነው በልልኝ።»

አስተርጓሚው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። እኔም አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። «የምን ምርጫ ጋሼ? አዋጁን አልሰሙም እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ አስተዳደሩ ቋሚ ሆኗል፤ አይሄዱም። ሻለቃው የሚሉት… ታፔላው ሳይበላሽ በደቂቃ ስለተስተካከለ ሥራዎን አድንቀዋል።»

ቀና ስል «የከተማ አስተዳደር» ይላል፣ ጥርት ብሎ፣ አንድ ፊደል ሳይንጋደድ። ባሌ ነው እንዲህ አድርጎ የሠራላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይውረድልን ስንለው የኖርነው ቃል፣ ለካ እንደሚሄዱ የሚናገር በአገሩ የቀረ ብቸኛ ቃል እሱ ነበር! በገዛ እጁ አወረደው፣ እኔም አጨበጨብኩለት።

ባሌ ጣውላዋን እንዳቀፈ ወደ መሰላሉ ዞረ። «ልመልሰው» አለ። «ተሳስቻለሁ፣ ልመልሰው።» ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር ጥበቃዎቹ እግሩን ይዘው ሲያወርዱት። ስንቴ «ጊዜያዊ መጣ» እያሉ በር የከፈቱለት እነሱው ናቸው። መምህሩ መሬት መሬት እያዩ በከዘራቸው አሸዋ ይጭራሉ። ሰዉ አንድ በአንድ ከግቢው ወጣ፤ እኔም የባሌን እጅ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ብሎኖቹ ታፔላው ላይ የተዉትን ሁለት ቀዳዳ በስቱኮ ድፈን ብለው ላኩበት። በዕድሜው ሥራ እምቢ ሲል ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ሌላ ሰው ደፈነው፤ ስቱኮው ግን በሳምንቱ ረገፈ። እንደገና ደፈኑት፣ እንደገና ረገፈ። እንጨቱ አሥራ አንድ ዓመት ዘይት ጠጥቷል፣ ስቱኮውን በምን ይያዘው? ይሄን ስነግረው ባሌ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እስቲ ይድፈኑታ!» አለ።

አሁን ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል። ጣውላዋ አልጋው ራስጌ ናት፣ ቀይ ፊደሎቹን በጣቱ እየዳበሰ ይውላል። እኔ ከገበያ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ነው የምመለሰው፤ ኮቴዬን ሲሰማ ቀና ይልና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል።

«ቀዳዳዎቹ አሉ?»

ታፔላውን ካወረዱት ዓመት አልፎታል። በቦታው እብነ በረድ አቁመዋል፣ ፊደሉ ድንጋዩ ውስጥ ተፈልፍሎ የገባ፣ ብሎንም የሌለው።

«አሉ» እለዋለሁ። «ሁለቱም አሉ።»