ያመለጠን ጀልባ

መብራት ሲጠፋ በእኛ ሰፈር መጀመሪያ ጸጥ የሚለው ወፍጮ ቤቱ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ የእናቴን አርባ አውጥተን ዘመድ ጎረቤቱ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ ከምኖርበት ከሐዋሳ የመጣሁበት ፈቃድ ሳያልቅ ዲላ ያለውን ቤታችንን ላሰናዳ ብዬ ብቻዬን ቁም ሳጥኗን እየፈታሁ፣ ነጠላዋን በአንድ ወገን ሻሿን በሌላ ወገን እየከመርኩ ሳለ፣ ከግድግዳው ወዲያ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያጓራ የኖረው ወፍጮ ድንገት ቀጥ አለ። እጄ ላይ የነበረው የእንጨት ሚዶዋ ነው። ጸጥታው ጆሮዬ ውስጥ ጭው ሲል ሚዶውን እንደያዝኩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት።

ቤታችንና ወፍጮ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ስለዚህ በዚያ ቤት ቀስ ብሎ ያወራ ሰው የለም፤ ጨው አቀብሉኝ ለማለትም፣ የምሥራችም፣ ሐሜትም በጩኸት ነበር። አዲስ እንግዳ ሲመጣ የተጣላን እየመሰለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠላውን ቶሎ ጨልጦ ይነሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ወፍጮው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ሁለቴ ሳል ሳል ብሎ ይነሳና፣ ከመካከላችን ቀድሞ የሰማው "መብራት መጣ!" ብሎ ይጮሃል፤ የቀረነው ጆሮ የሌለን ይመስል። ምስጢር የሚባል ነገር በእኛ ቤት የሚኖር አይመስለኝም ነበር። በጩኸት የሚነገር ነገር ምኑ ምስጢር ይሆናል?

አባቴ ጌዴኦ ነው፤ የዓመቱን እኩሌታ ይርጋጨፌ ወረዳ፣ አሪቻ አካባቢ፣ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የመፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ይሠራ ነበር። ከመኸሩ ማለቂያ በኋላ ወደ ቤት ሲመለስ ልብሱ ሦስት ጊዜ ታጥቦም የእሸት ቡና ገለባ ሽታ፣ ያ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሽታ፣ አይለቀውም። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ንግግር ያለው ሰው ነው። ለሁሉም ነገር መልሱ "ይሁን" ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ አንድ ቀን በወፍጮው ጩኸት መሐል ብስክሌት እንዲገዛለት ጠይቆት አባቴ ፈገግ ብሎ "ይሁን" ስላለ፣ ወንድሜ ያቺን ቃል ይዞ ዓመት ሙሉ ሲከራከር ኖሯል። እናቴ ዲላ ውስጥ ጨርቅ ከሚነግድ የደገኛ ቤተሰብ የተወለደች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ስለነበረች፣ ከአገር ወንድ ሁሉ መርጣ እሺ ባይ ባል ማግባቷን ለጎረቤት ትኩራራበት ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ የአባቴን ጆሮ እየጨረሰው ነበር። ከእኛ ከልጆቹም፣ ከእናቴም፣ ከአሠሪዎቹም ደብቆት ኖሯል። መፈልፈያ የሚያሠራ ሰው ቡናው በደህና መላጡን ወይም ፍሬው እየተቆረጠ መሆኑን የሚያውቀው በድምፁ ነው፤ የማይሰማ ኦፕሬተር ማንም አያቆይም። አባቴ መዳፉን ከማሽኑ ብረት ላይ አሳርፎ በንዝረቱ ይለየው ጀመር። ቤት ሲመጣ ደግሞ ወፍጮው ሸሸገው። ሁላችንም እንጮሃለን፣ የሰማውን ይሰማል፣ ላልሰማው "ይሁን" ይላል።

ወደ ደሴቷ የሄድነው በጥር ማብቂያ፣ ማጠቢያው ተዘግቶ፣ እኛም የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጨርሰን ዕረፍት ላይ ሳለን ነው። በማጠቢያ ጣቢያው ጥበቃ ሆነው ሁለት መኸር የሠሩ ጋሽ ደበሌ የሚባሉ የደሴቷ ተወላጅ አባቴን ልጆችህን ይዘህ ና ብለውት ነበር። አባቴ፣ ከዲላና ከማጠቢያ ጣቢያው ሌላ የትም ሄዶ የማያውቀው አባቴ፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ "ሐይቅ እንሄዳለን" አለ። እናቴ ታሟል እንዴ ብላ ግንባሩን ነካችው።

ወዳጁ የሆነ ሹፌር ወደ አዲስ አበባ ቡና ሲጭን አራታችንንም ጋቢና ውስጥ ጠቅጥቆ ወሰደን። እናቴ ደሴት ማለት ሰው ያልተፈጠረበት ስፍራ መስሏት በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ማዳበሪያ አቮካዶ፣ አራት አናናስ፣ ብርድ ልብስና ጀበና ሳይቀር ቋጥራ ነበር፤ ሻሸመኔ ስንደርስ እግሬ ከአናናሶቹ ሥር ደንዝዞ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ጀልባው ላይ ስንወጣ ደግሞ ያቺ ሴት ከዲላ እስከ ዝዋይ ያላቋረጠችውን ወሬ ዋጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የምታውቃቸውን ታቦታት አንድ በአንድ ጠራች። አባቴ መዳፉን ከጀልባው ጣውላ ላይ አሳርፎ የሞተሩን ንዝረት ያዳምጥ ነበር። እኔ ውሃው የሚያስፈራው መስሎኝ እጄን በእጁ ላይ ደረብኩለት።

ደሴቷ ድንጋያማ ኮረብታ ናት። ገበሬዎቿ ዳገቱን በድንጋይ ካብ እርከን እርከን አድርገው ያርሱታል፤ አናቱ ላይ በግራር የተከበበች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ታች ደግሞ የደንገል ታንኳዎች አፋቸውን አሸዋው ላይ ደፍተው ይተኛሉ። አባ ኮዳ የምንላቸው ረጃጅም ወፎች ዳር ዳሩን ጡረታ እንደወጡ ሽማግሌዎች ይንጎራደዳሉ። የጋሽ ደበሌ ባለቤት የጠበሰችልንን ቆሮሶ ዓሣ ታሪኩ እሾሁን እየተፋ ሦስት በላ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጸጥታው ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ላይ አራታችንም እንደ ልማዳችን ስናወራ ጋሽ ደበሌ ደንግጠው ከጓዳ ወጡና "ምነው፣ በደህና?" አሉን። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለን ማውራት ተማርን፤ ከአባቴ በቀር።

ያኔ ነው ነገሩ መታየት የጀመረው። ጋሽ ደበሌ "ውሃው አላናወጣችሁም?" ብለው ሲጠይቁት አባቴ ፈገግ ብሎ "ይሁን" አለ። የእናታቸውን መሞት ሲያረዱትም "ይሁን" አለ። ሽማግሌው ትክዝ ብለው "አዎ፣ እግዜር ያለው ይሁን እንጂ ምን ይደረጋል" ብለው አለፉት፤ እናቴ ግን ጉርሻዋን አፏ ጋ አድርሳ እጇ ቆመ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ሳለ ከኋላው ሄዳ ስትቆም አየኋት። በስሙ ጠራችው። አልዞረም። ትንሽ ጠጋ ብላ ደግማ ጠራችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና ምንም እንዳልሆነ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ አኩርፏት መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ አባቴ እናቴን ነይ ብሎ በውሃው ዳር ይዟት ሄደ፤ ኮረብታውን ዞረው ሲመለሱ ሁለቱም ዝም እንዳሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባው መጥቶ ሊወስደን ነበር። እናቴ መናኸሪያ ሲኬድ አውቶቡሱ ሳይታጠብ የምትደርስ ሴት ናት፤ ያን ዕለት ግን ጓዛችንን ዳርቻው ላይ አስከምራ አባቴን በላዩ አስቀመጠችውና፣ እሱም "ጀልባው ሲመጣ እጠራችኋለሁ" ካለ በኋላ፣ እኔንና ታሪኩን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወጣች። ግራሩ ሥር ተቀመጠች። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ፊቴን ወደ ዛፉ አዙራ፣ ደህና የተሠራውን ሹሩባዬን መፍታት ጀመረች። ሹሩባ እንዲህ በቀላሉ እንደማያልቅ ማንም ያውቃል። ግማሹ ተፈትቶ፣ ይቺው ሚዶ ጭንቅላቴን ስትጭረኝ፣ ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

"እማዬ፣ ጀልባው!" አልኳት።

"ጭንቅላትሽን አታነቃንቂ። አባትሽ እዚያው አለ፣ ይጠራናል።"

ሞተሩ ቀረበ። ጥሩምባ ተነፋ። ቆይቶ ደግሞ ተነፋ። አባቴ አልጠራንም። ታሪኩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እየሮጠ ሲመጣ ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ፤ እናቴም ግማሹን የተፈታ፣ ግማሹን የተሠራ ጭንቅላቴን ይዛ እጄን ጎተት አድርጋ ወረደች። አባቴ ጓዙ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

"አልመጣም እንዴ?" አለችው፣ ፊት ለፊቱ ቆማ።

"አልመጣም" አለ።

ከማሳቸው እየተጣደፉ የወረዱት ጋሽ ደበሌ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው "ኧረ መጥቶ ነበር! ጥሩምባው ሁለቴ ሲነፋ ሰምቼ ሄዳችኋል ብዬ ነበር እኮ" አሉ። አባቴ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ እንደ ወትሮው ሳይጮህ፣ ልኩን ማወቅ ስላልቻለ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "አልሰማሁም" አለ። "እኔ አልሰማም። ማሽኑ ጆሮዬን በልቶታል። ሁለት ዓመት ሆነው።"

እናቴ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ወይም ትቆጣለች። እሷ ግን ከጎኑ ጓዙ ላይ ቁጭ አለችና ፊቱን በሁለት እጇ ወደ ራሷ አዞረች። ቃል በቃል እየለየች፣ አፏን እያሳየችው፣ "ጀልባ ነገም አለ" አለችው። አባቴም የመጀመሪያውን እውነተኛ "ይሁን" ያን ጊዜ አለ።

ያ የተጨመረው ቀን ከልጅነቴ ሁሉ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ነው። አባቴ ስንት ዓመት አምቆ የያዘውን ወሬ ዘረገፈው። እኔና ታሪኩ ውሃ እየተራጨን ከሩቅ እናያቸዋለን፤ ትናገራለች፣ ከንፈሯን ያያል፣ ይመልሳል፣ ይስቃሉ። ለብስክሌቱ "ይሁን" ማለቱን እናቴ ስታስረዳው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጠዋት የቀረውን ሹሩባዬን ስትፈታ እሱ ሚዶ ያቀብላት ነበር።

ዲላ እንደተመለስን ማሽኑን ለቀቀ። በሚቀጥለው መኸር እዚያው ጣቢያ ቡና በማስጫው አልጋ ላይ ማገላበጥ ሥራው ሆነ። ደመወዙ አነሰ፣ ኩራቱም የተነካ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም "ማሽኑስ?" ሲሉት ወሬ ይለውጣል። በእናቴ ዘንድ ግን ሽሽጉ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሲጮህበት እሷ ብቻ ፊቱን ወደ ራሷ አዙራ ቀስ ብላ ታወራው ነበር።

አባቴ የሞተ ዓመት፣ እዚሁ ቤት፣ መብራት ጠፍቶ ሁለታችን ቁጭ ባልንበት፣ ያንን ጀልባ አነሳሁባት። ባይሰማ ነው ያመለጠን፣ እንኳንም አልሰማ አልኳት። እናቴ ሳቀች።

"ጀልባ የሚታየው በጆሮ ነው እንዴ? አባትሽ እስኪሞት ድረስ ክር በመርፌ ያስገባ የነበረ ሰው፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ተቀምጦ ጀልባ አላየም? እኔ ከላይ ሆኜ ሁለቱንም አያቸው ነበር። ባለ ጀልባው ጥሩምባ ሲነፋለት እጁን እንዲህ አድርጎ፣ ሂድ፣ ሂድ አለው።"

ግራ ገብቶኝ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"ሦስት ቀን ሙሉ ሊነግረኝ ሲዳዳው አይቻለሁ። በውሃ ዳር ወስዶኝ እንኳ አፉ አልታዘዝ አለው። ዲላ ከገባንማ ወፍጮው አለ፣ በቃ ይቀራል። አንድ ቀን ይጨመርለት ብዬ ነዋ። አንቺስ ያን ሁሉ ሹሩባ ለጌጥ የፈታሁት መስሎሽ ነበር?"

ለእሱ ነግራው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አታለልኳት ብሎ ያመነን ሰው ምን ብዬ ላሳፍረው አለች።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ አምልጦኝ አያውቅም። በሰዓቱ እደርሳለሁ፣ በሰዓቱ እመለሳለሁ፤ ከታሪኩ ጋር በስልክ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ ተባብለን እንዘጋለን፤ ባለቤቴ የሚለኝ ነገር ያለ እየመሰለኝ ሰዓት አይቼ የተነሳሁባቸው ምሽቶች ብዙ ናቸው። ለኔ ብሎ ጀልባ የሚሸኝ፣ ሲሸኝም አይቶ እንዳላየ ሹሩባ የሚፈታ ሰው ከእንግዲህ ከየት እንደማገኝ አላውቅም። ናፈቁኝ፤ ሁለቱም ናፈቁኝ።

ይህን ሳስብ ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው ሁለቴ ሳል ሳል አለና ተነሳ። እኔም ሚዶውን እንደያዝኩ፣ ሳላስበው፣ እንደ ድሮው ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "መብራት መጣ!" ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋሁ። በዚያ ቤት አሁን የሚሰማም፣ የማይሰማም የለም።