ጭቃው እስኪብላላ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያኔም ድርሰት ጻፉ ስንባል አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ደብተር ሰርቄ አይ ነበር እንጂ ከራሴ አንድ መስመር አላወጣሁም። ሰው ፊት መናገርማ ጭራሽ አይሆንልኝም። ትናንት ግን ልብስ ሳጥብ ከቀሚሴ እጅጌ ጫፍ ላይ ደርቆ የቀረ ጭቃ አገኘሁ፤ ውኃ ሲነካው ሽታው ተነሣ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ገለባ ገለባ የሚል፣ እበትም ያለበት ሽታ። እዚህ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጂዛን አካባቢ፣ አሐድ አል-መሳርሐ በምትባል ከተማ፣ በሰው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ወሎ እናቴ ደጅ ደረስኩ።

እኛ አገር ጤፍ ተወቅቶ ጭዱ ከተከመረ በኋላ ቤት ይመረጋል። እማ ደጃችን ላይ ጉድጓድ ታስቆፍርና ቀዩን አፈር፣ ጭዱን፣ እበቱንና ውኃውን አንድ ላይ አስረግጣ በጆንያ ትሸፍነዋለች፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካው ነው። በየማለዳው ጆንያውን ገለጥ አድርጋ ታሸተውና "ገና ነው" ብላ ትመልሰዋለች፤ እኔም አጠገቧ ተንጠራርቼ አሸትና ምኑም ሳይገባኝ "ገና ነው" እላለሁ። ሌላው ኑሯችን ሁሉ ጥድፊያ ነበር፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ዝናብ ሳይመጣ እህል ማስገባቱ። በቤታችን የማይቸኩለው ያ ጭቃ ብቻ ነበር።

ሳምንት ያህል ተብላልቶ ሽታው ሰፈሩን ሲሞላው ጎረቤቱ ለደቦ ይወጣል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የተኳረፈውም ጭምር። ግድግዳው በቁመት ይከፈላል። ረጃጅሞቹ ላይኛውን፣ እንደ እማ ያሉት መካከለኛውን፣ ልጆች ደግሞ ታችኛውን ይመርጋሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰውም አንድ ጭብጥ ሳይለጥፍ አይለቀቅም፤ አንድ ጊዜ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተማሪያችን ሲያልፍ ሴቶቹ ከበቡት፣ ምስኪኑ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሆዱን ወደ ኋላ ስቦ ለጠፈና ሸሚዙን እያየ ሄደ። እማ በመጨረሻ ግድግዳውን ሁሉ በመዳፏ እየዳበሰች የሰውን ሥራ ታርማለች፤ አስተማሪውንም አልማረችውም። የኔን ግን አታርምም ነበር። አምስቱ ጣቶቼ እንደተዘረጉ ከደጃፉ በስተግራ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዓመት እስከ ዓመት ይቆያሉ።

ይህን ሁሉ እዚህ አገር ስመጣ ደበቅሁት። የምንከባከባቸው አሮጊት፣ እኔም እንደ የልጅ ልጆቻቸው ጀዳ፣ አያቴ፣ የምላቸው፣ በመጣሁ ሰሞን "ቤታችሁ ከምንድን ነው የተሠራው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ብሎኬት" አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ወለሉ በጣም ያብለጨልጭ ነበር፣ እሱ ይመስለኛል። ውሸቱ ስለከበደኝ ይሁን እማን ከየዓመቱ ምርጊት ላሳርፋት አስቤ፣ ባገኘሁት ደመወዝ ቤቱን በእርግጥ ብሎኬት አደረግሁት። አሮጌው ሲፈርስ ወንድሜ በስልክ ቪዲዮ ላከልኝ፤ አቧራው ሲነሣ ደስ አለኝና እዚህ ሰው ቤት ለሚሠሩ ያገሬ ሴቶች ሁሉ አሳየሁ። ከደጃፉ በስተግራ የነበሩት ጣቶቼ ትዝ ያሉኝ በሳምንቱ ነው።

የጀዳ የልጅ ልጅ ሪም በስልኳ የገጠር ቤት ፎቶ ማየት ትወዳለች፤ ቅርጫት፣ የሸክላ ማሰሮ፣ አበባ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ዳቦ የምትጋግር ሴት። "ቀስ ያለ ኑሮ" ትለዋለች። እኔ በልቤ እስቃለሁ፤ እኛ ቤት ከጭቃው ሌላ ቀስ የምትለው አህያችን ብቻ ነበረች። በዚህ ዓመት እርሻቸው ላይ ኡሻ አሠራች፤ የዚህ አገር የጥንት ጎጆ ነው፣ ከውጭ ሣር፣ ከውስጥ በጭቃ የሚመረግ። ጀዳ የተወለዱት እንዲህ ባለው ውስጥ ነው፤ ዓይናቸው ደግሞ በየወሩ እየደበዘዘ ስለነበር ሪም ቶሎ ጨርሳ ልታሳያቸው ፈለገች።

ጭቃው ግን እምቢ አለ። ሠራተኞቹ በአፈርና በውኃ ለውሰው በዚያው ቀን ለጠፉት፣ ሪም ደግሞ እበት አይገባም ብላ በምትኩ የጽጌረዳ ውኃ አስጨመረችበት። ደርቆ ተሰነጣጠቀና ወረደ። ደገሙት፤ ደግሞ ወረደ። ጀዳን ባመጣናቸው ቀን እጃቸውን ሲያሳርፉበት አንድ ሰፊ ቁራጭ እግራቸው ሥር ተዘረገፈ። ዞር ብለው በሩን በእጃቸው መፈለግ ጀመሩ።

"ኸላስ፣ በቃ!" አለች ሪም፣ ዕንባዋ እየመጣ። "ነገ በሲሚንቶ ይለሰን።"

ዝም ብል ማንም አይፈርድብኝም። ብናገር ግን ብሎኬቱ ነው የሚናደው።

"ጭቃው አልተኛም" አልኩ፤ መብላላትን በዐረብኛ አላውቀውም። "ሳምንት መተኛት አለበት። ገለባና እበት ይገባበታል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ? ቤታችን ብሎኬት ነው አላልሽም?"

"ዋሽቼ ነው።"

ሪም አፈጠጠችብኝ። ጀዳ ግን በሩን መፈለጋቸውን ትተው መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኔ ደግሞ የባሌ ዘመዶች ከከተማ ሲመጡ፣ ኡሻውን የፍየሎቹ ቤት ነው እል ነበር! አንድ ቀን እንግዳዋ ገብታ አልጋዬን አገኘችው። ፍየላችሁ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው? አለችኝ።" ዕንባቸውን ጠርገው ወደ ሪም ዞሩ። "እበቱን አምጪ። እናቶቼ ያለ እበት መርገው አያውቁም።"

የማሽላ አገዳ ቆራረጥን፣ ከጎረቤት በረት እበት አስመጣን፣ ከአፈሩ ጋር ለውሰን በጆንያ ሸፈንነው። በየማለዳው እኔ ጆንያውን ገልጬ ጀዳ አጎንብሰው ያሸታሉ፣ "ገና ነው" ይላሉ፤ ሪም የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከሩቅ "ያላ፣ አሁንስ?" ትላለች። በስምንተኛው ቀን ሻርፑን ረስታ እሷም አሸተተች። በቁመታችን ተከፋፈልነው፤ ሪም ላይኛውን፣ እኔ መካከለኛውን፣ ጀዳ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው የልጆቹን ቦታ። ጭቃው ያዘ። ጀዳ እስከ አሁን በየሳምንቱ ሄደው በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ በዓይናቸው ምን ያህሉን እንደሚያዩት አላውቅም፣ የኔን ሥራ ግን ሁለት ቦታ አርመውብኛል።

ሪም ፎቶውን ስታወጣው አንዲት ጓደኛዋ "የአውሮፓ ገጠር ይመስላል" ብላ ጻፈችላት፤ ሪም የመለሰችውን አነበበችልኝ፦ "የአያቴና የሰዓዳ እናት ቤት ነው።" ስሜ በሰው ሁሉ ፊት ተጻፈ ብዬ ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ፤ ግን ፊቴ ፈገግታውን አልደብቅ አለኝ።

ለዚያ ግድግዳ ምስጋና አለብኝ። ከእማ እጅ የተማርኩት አንድ ነገር እዚህ ድረስ ተሸክሞኝ መጥቶ አፌን ከፈተልኝ። ያጣሁትንም በመረግንበት ቀን ነው የለካሁት፤ አንድ ቁመት ያህል ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት፣ ያውም ራሴ ያስፈረስኩት። ዛሬ ደወልኩና ለእማ ሁሉንም ነገርኳት፤ ውሸቱንም፣ ቪዲዮውንም፣ የደጃፉን ጣቶችም፤ የአሮጌው ቤት ጭቃ የት እንደተደፋም ጠየቅኋት።

እማ ሳቀችብኝ። "ጭቃ ይደፋል እንዴ፣ ሰዓዳዬ? መልሰን አብላልተን የጥጃዋን ቤት መረግንበት እንጂ። ታችኛውን ግን ሳልመርግ ተውኩት፤ መጎንበስ ካልረሳሽ ያንቺ ነው።"