የአንዲት ዓመት ጠበቃ

ሃቫና መናፈሻ ውስጥ ለቤዝቦል ሙግት የሚሰበሰቡት ሰዎች ላላወቃቸው የተጣሉ ይመስላሉ። ኤውሴቢዮ ከሁሉም አፈኛ ነው። እሱን የሚያበግነው ግን ስሙን እንኳ የማያውቀው አንድ ሽማግሌ ነው። ሌላው ለወንበር ሲሻማ፣ ይሄ ሰውዬ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ይውላል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ቀኝ እጁ ከኪሱ አይወጣም።

ዛሬም ሙግቱ ያው ነው፤ በጉልበቱ ዘመን መቺ ሁሉ የራደለት ኳስ ወርዋሪ ማን ነው?

«ኔሜሲዮ ነዋ» አለ ሽማግሌው። «አገር ጥሎ ከመሄዱ በፊት፣ እዚሁ የወረወረባት የመጨረሻዋ ዓመት።»

«አባባ፣ እባክዎ ይተዉን!» አለ ኤውሴቢዮ። «ኔሜሲዮ ሰው የሆነው ማያሚ ከገባ ወዲህ ነው። እዚህ ማን ያውቀው ነበር?»

«ኳሱ እጅ ያቃጥል ነበር።»

«የማንን እጅ? በወሬ ነው እንጂ የት ያውቁታል! እንኩ፣ ይቅለቡ!» ብሎ የያዘውን ብርቱካን ድንገት ወረወረበት።

ሽማግሌው ዓይኑን ሳያርገበግብ በግራ እጁ ቀለበው። ቀኙ ከኪሱ ወጥቶ ወደ ጀርባው ተሸሸገ፤ ጣቶቹ ተሰብረው የተጣመሙ ነበሩ። ኳስ እንዳይሰብርበት ጓንት የሌለውን እጁን እንደዚያ የሚደብቅ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች ብቻ ነው።

ኤውሴቢዮ ወደ ጥላው ተጠጋ።

«ታዲያ... አብረውት አልሄዱም?» አለ ቀስ ብሎ።

«በሄደበት ጀልባ ላይ ቦታ ይዞልኝ ነበር» አለና ብርቱካኑን መለሰለት። «እሱ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት አገኘ፣ ልጄ። እኔ ያለችኝ ያቺው ዓመት ናት።»